በአንድ ወታደር ተበልጦ አቻ መውጣት
ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ ለሁሉም ክፍት በሆነ የቼዝ ውድድር ከአንድ ወጣት ተማሪ ጋር ያደረግሁት ጨዋታ ከ3 ሰዓት በላይ ፈጅቶ በአቻ ተጠናቀቀ። በጥቁር ተጫውቼ፣ በ31ኛው እርምጃ አንድ ወታደር በስሌት ስህተት አጣሁ፤ ንግሥቶቹ ከወጡ በኋላም ለየራሳችን አንድ ግንብ ሲቀረን፣ በእርሱ በኩል አንድ ወታደር ተርፎ ነበር። በዚያች ሰዓት የታወሰኝ ፈረንሳዊው የቼዝ ተጫዋች ፊሊዶር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1777 የተነተነው መከላከያ ነው። ተከላካዩ ንጉሡን ከወታደሩ ፊት አቁሞ ግንቡን ከራሱ በኩል ሲቆጠር በ3ኛው ረድፍ ላይ በማቆየት የተጋጣሚውን ንጉሥ መግቢያ ይዘጋበታል፤ ወታደሩ ወደዚያ ረድፍ ሲገፋ ግን ያ ንጉሥ መጠለያ ስለሚያጣ፣ ግንቡ ወደ ቦርዱ ማዶ ዘልቆ ከኋላው ቼክ (ንጉሡን በቀጥታ የሚያጠቃ እርምጃ) ይደጋግምበታል። ይህን ብዙ ጊዜ አጥንቼው ነበር፤ ሰዓቱ እየቆጠረብኝ በራሴ እጅ ሲሠራ በማየቴ ግን የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ማምሻውን ከልጁ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን ጠጠሮቹን እንደገና ደረደርን። እጅግ ትሑትና አስተዋይ ልጅ ነው። ግንቤ ቦታውን ከመያዙ በፊት ንጉሡን አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ቢያስገባው ኖሮ መከላከሌ እጅግ ይከብድ እንደነበር ያሳየኝም እርሱ ራሱ ነው።