ባዶው ቦታ

ዳላስ አካባቢ ለወገኖቻችን የግብር ወረቀት መሙላት እንጀራዬ ነው። በጃንዋሪ 2024 አንዲት እናት የቤት ግብር መጠየቂያቸውን ይዘው መጡ። መክፈያው ጃንዋሪ 31 ስለሚያበቃ ቢሮው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ የትምህርት ቤቱ ለምን እንዲህ በዛብኝ? ልጆቼ እንደሆኑ ተምረው ወጥተዋል» አሉኝ።

የዚህ ጥያቄ መልስ ከአፌ አይጠፋም። ቴክሳስ ከደመወዝ ላይ የክፍለ ግዛት ግብር እንደማይቆርጥ፣ ከቤት ግብር ትልቁን ድርሻ ትምህርት ቤት እንደሚወስድ፣ ከ1993 ጀምሮም ሀብታም የትምህርት ወረዳዎች ከሰበሰቡት ለሌሎቹ እንዲያካፍሉ ሕግ እንደሚያስገድዳቸው አስረዳኋቸው። አምኜበት ነው የተናገርኩት፤ ዛሬም አምንበታለሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ፤ ሙሉውን ከፈሉ።

በማርች ተመለሱ። የጎረቤታቸውንም ወረቀት ተውሰው ይዘዋል።

«እኔ ለትምህርት ቤት መክፈሉን መቼ ጠላሁ? አገር ቤት ልጅ ያለውም የሌለውም ድንጋይ ተሸክመን ነው ትምህርት ቤት ያቆምነው። እኔ የጠየቅሁህ ለምን በዛብኝ ብዬ ነው።»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የቤቶቹ ግምት ያው ነው። በጎረቤታቸው ወረቀት ላይ የያኔው 100,000 ዶላር የሆምስቴድ ቅናሽ አለ፤ ሰው ራሱ ለሚኖርበት ቤት፣ ግብሩ ከሚሰላበት ዋጋ ላይ የሚቀነስ ማለት ነው። 65 ዓመት ለሞላው ያኔ ይጨመር የነበረው 10,000 ዶላርም አለ። በእሳቸው ወረቀት ላይ ቦታው ባዶ ነው። በ2021 65 ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የትምህርት ቤቱ ግብር እየጨመረ እንዳይሄድ ጣሪያ እንደሚበጅለት እንኳን የነገራቸው የለም። ቤቱን ያዋዋላቸው ሰው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል። የቅናሹን ማመልከቻ ቅጽ ማስገባት ደግሞ በነጻ ነው! በነጻ ለሚገባ ቅጽ አሮጊት የሚያስከፍሉ ቢሮዎች መኖራቸው ያንገበግበኛል።

እዚያው ሞላንላቸው። ለዘገየ አመልካች ሕጉ የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ሁለት ዓመት ይታገሣል፤ የ2022 እና የ2023 ትርፍ ክፍያ ይመለስላቸዋል።

«የ2021ስ?» አሉኝ።

የ2021 ጊዜ ያለፈው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነው። በጃንዋሪ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠይቁኝ ገና አላለፈም ነበር፤ ወረቀቱም ፊቴ ነበር። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና የጎረቤታቸውን ወረቀት በጥንቃቄ አጥፈው «ይህን ለባለቤቱ ልመልስ» ብለው ተነሡ።