አስፋልቱ የሚጀምርበት ጠርዝ

ከሦስት ቀን የመስክ ሥራ እየተመለስን ነበር። ጭቃውን፣ ወንዙን፣ ዳገቱን ሁሉ በሰላም አልፈናል። ዋናው አስፋልት ላይ ከወጣን አርባ ደቂቃ ሆኖናል። ፀሐይዋ ደምቃለች፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ሁላችንም «አሁንማ ደረስን» ብለን ዘና ብለናል።

ከፈጣኑ መንገድ ወጥተን ጠባቡን መታጠፊያ ስንይዝ መሪው ከበደ። ሾፌራችን ወጣት ነው፣ በሁለት እጁ ታገለው። መኪናዋ የሆነ ነገር ከኋላ የያዛት ይመስል ትጎተታለች፣ ትለቃለች፣ እንደገና ትጎተታለች። የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን እየፋቁ ጮኹ። እንደምንም ታጥፈን ሰፊ መቆሚያ ላይ ቆምን።

ከኋላ ወንበር አንጋፋው ሾፌራችን ተቀምጠዋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወንበሮቹ መሃል አንገታቸውን አስግገው ዳሽቦርዱን አዩ። «እስቲ በእጅህ ጥላ አድርግበት» አሉት ልጁን። መዳፉን ሲጋርድበት፣ በፀሐዩ ምክንያት ሳናያት የቆየች ትንሽ መብራት ቁልጭ ብላ ታየች። ፎር ዊሉ፣ የሞተሩን ኃይል ለአራቱም ጎማ የሚሰጠው፣ እንደገባ ነው። ከፒስታው ስንወጣ ማናችንም አላስታወስነውም።

ልጁ የፎር ዊሉን ማርሽ ሊመልስ ሞከረ። ንቅንቅ አላለም። ኃይል ሲጨምርበት ጋሼ እጁን ያዝ አደረጉት። «ተው፣ ትሰብረዋለህ። መሪህን ቀጥ አድርግና ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሂድ።» እኔ ወርጄ ከኋላ ሰውም መኪናም አለመኖሩን አየሁ። አሥር ሜትር ያህል እንደሄደች ከስሯ «ጓ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማርሹ በሁለት ጣት ወደ ቦታው ተመለሰ። የፊት ጎማውን በእጄ ጀርባ ነካሁት። ይፋጃል።

ጋራዥ ስናስገባት መካኒኩ ከትራንስፈሩ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የወረደውን ዘይት በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሳየኝ። ጠቁሯል፣ የብረት ብናኝም አለበት። ውስጡ ያለው ሰንሰለት ተለጥጧል። «ይሄ የአንድ ቀን ጉዳት አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። መኪናዋ ከእኛ ጋር ከሆነች ስምንት ወር አልፏታል፤ አራት ሾፌሮች ተፈራርቀውባታል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊሉ መውጣት እንዳለበት አንዳቸውም አልተነገራቸውም። መንገር የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነኝ። መኪናዋን የመረጥኳት እኔ፣ ቁልፏን ያስረከብኩትም እኔ።

ስመርጥ ግዴለሽ አልነበርኩም። ከመሬት ያላትን ከፍታ ለክቻለሁ። አካሏ በሻንሲ፣ ከስር ባለው ወፍራም የብረት ማዕቀፍ፣ ላይ የተቀመጠ መሆኑን አይቻለሁ፤ ኮረኮንች ላይ ዓመታት ለሚሠራና ዕቃ ለሚጭን መኪና ይህን አሁንም አጥብቄ እመክራለሁ። መለዋወጫዋ በቀላሉ የሚገኝ፣ ሩቅ ቦታ ያለ መካኒክም የሚያውቃት መሆኗን ጠይቄያለሁ። ሳላስበው የቀረው አስፋልቱ ነው። በኋላ የጉዞ መዝገባችንን አገላብጬ ኪሎሜትሩን ደመርኩ። ከአሥሩ ሰባት እጅ አስፋልት ላይ ነው የሄደችው። እኔ ግን የመረጥኳት ለቀሪው ሦስት እጅ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ስትታጠፍ አራቱ ጎማዎች እኩል ርቀት አይሄዱም። የፊቶቹ ሰፋ ያለ ክብ ይሠራሉ፣ የኋላዎቹ ጠበብ ያለ። ብዙ ጠንካራ መኪናዎች ላይ ያለው የድሮው ዓይነት ፎር ዊል፣ የሚገባና የሚወጣው ማለቴ ነው፣ ሲገባ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ ያስራቸዋል። እኩል እንዲዞሩ ይገደዳሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ሸርተት እያለ ልዩነቱን ያካክሰዋል። ደረቅ አስፋልት ግን ጎማውን አይለቅም። ያ ልዩነት ከስር ይጠራቀማል፤ እንደሚጠመዘዝ ገመድ እየከረረ ይሄዳል። መሪውን ያከበደው፣ ማርሹንም የቆለፈው እሱ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ ጠምዘዛው ተፈታ፤ «ጓ» ያለውም ያኔ ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። በፊትና በኋላ መሃል አንድ ተጨማሪ ዲፈረንሻል፣ የፍጥነት ልዩነትን የሚፈቅድ የጥርሳጥርስ ስብስብ፣ ከተቀመጠ ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት መዞር ይችላሉ፤ ፎር ዊሉም አስፋልት ላይ ሳይጎዳ ሁልጊዜ ይሠራል። መንገዱ ሲከፋ ያንን የመሃል ዲፈረንሻል ትቆልፈዋለህ። ሬንጅ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1970 ሲወጣ እንዲህ ነበር የተሠራው። በ1977 የመጣችው ትንሿ ላዳ ኒቫም እንደዚሁ። የ1991ዱ ፓጄሮ ደግሞ ሁለቱንም አጣምሮ ያዘ፤ ስትፈልግ በኋላ ጎማ ብቻ፣ ስትፈልግ አስፋልት ላይም በፎር ዊል ትነዳዋለህ። በሌላ በኩል ከ1984 ጀምሮ የሚሠራው 70 ተከታታይ ላንድክሩዘርና ሱዙኪ ጂምኒ የሚገባና የሚወጣውን ዓይነት ይዘው የቆዩ ናቸው።

እነዚህን የኋለኞቹን እያጣጣልኩ አይደለም። ቀላል ናቸው፣ የሚበላሽ ነገራቸው ትንሽ ነው፣ ሥራዬ ሁሉ ጫካ ውስጥ ቢሆን ዛሬም እነሱን ነው የምገዛው። ግን ሾፌሩ ማወቅ አለበት። ደጋግመህ ከፒስታ ወደ ፈጣን መንገድ፣ ከፈጣን መንገድ ወደ ፒስታ የምትገባ ከሆነ፣ ሾፌርም የሚቀያየር ከሆነ፣ የመሃል ዲፈረንሻል ያላት መኪና ብዙ ስህተት ትሸከምልሃለች።

ሌላም ዓይነት አለ። የከተማ መኪና መሰል ናቸው፤ ጎማ ሲንሸራተት ብቻ ኃይሉን በኮምፒውተር ወደ ሌላው ጥንድ የሚልኩ። ዝናባማ አስፋልት ላይ ምቹና የተረጋጉ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ከባዱ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ በትልቅ ጉልበት የሚያስኬደው ፎር ኤል የሚባለው፣ የላቸውም። ጥልቅ አሸዋ ውስጥ ሲታገሉም ኃይሉን የሚያስተላልፈው ክፍል ሲግል ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ገዢ «ፎር ዊል ነው» ሲባል ሦስቱንም አንድ አድርጎ እንዳያይ እፈራለሁ። ስሙ አንድ ነው እንጂ ከስር ያለው ብረት የተለያየ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ አንድ ልማድ አስጀመሩን። አስፋልቱ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ እንቆማለን። መጀመሪያ ፎር ዊሉ ይወጣል። ቀጥሎ ጎማ። አሸዋ ውስጥ እንዳንሰምጥ ነፋሱን ቀንሰን ከሆነ እዚያው ፓምፑን አውጥተን እንመልሰዋለን፤ የላላ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ከዚያም ሊፈነዳ ይችላል። መጨረሻ ላይ ጋሼ እንጨት ይዘው ይንበረከካሉ። ከቸርኬው ውስጠኛ ክፍል የደረቀ ጭቃ እየፈለቀቁ ያወጣሉ። ጭቃው በአንድ በኩል ተጋግሮ ከቀረ ፍጥነት ስትጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል፤ የማያውቅ ሰው «ባላንስ ተበላሽቷል» ብሎ ጎሚስታ ጋ ይሮጣል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እዚያ ጠርዝ ላይ ቆሜ ሳያቸው ነው የገባኝ፦ ኮረኮንቹ ላይ ያዳነን ነገር ሁሉ አስፋልቱ ላይ የሚጎዳን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን መኪና ስንገዛ ጥያቄዬ ሌላ ሆነ። ከፍታዋን አሁንም አየሁ፤ ግን ከፍ ያለች መኪና በፍጥነት ድንገት ስትጠመዘዝ ለመገልበጥ ቅርብ ናት። እናም ስትንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን እየያዘ የሚያረጋጋው ሥርዓት ያላት መሆኗን ጠየቅሁ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ነው። ጎማዋንም ቀየርኩ። ቆንጆ ይመስለኝ የነበረው ጥርሱ የገዘፈ የጭቃ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ እሩቅ ነው የሚያቆመው፤ ለሁለቱም የሚሆነውን መካከለኛውን ወሰድኩ። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም አነበብኩ። 3521 ካለ እ.ኤ.አ. በ2021 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያልተነዳ ጎማም ያረጃል።

ሻጩን «የመሃል ዲፈረንሻል አላት?» ብዬ ጠየቅኩት። «ፎር ዊል ናት» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት፤ ያንኑ መለሰልኝ። ጋሼ ምንም አላሉም። ቁልፉን ተቀብለው ገቡና ፎር ዊሉን አስገቡት። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ጠምዝዘው ደረቁ አስፋልት ላይ ቀስ እያሉ ክብ መዞር ጀመሩ። ጆሯቸው ወደ ውጭ ነው። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ጎማው አልጮኸም፣ መኪናዋም አልተጎተተችም። በሦስተኛው ዙር መሪውን በአንድ እጅ ይዘውት ነበር።

ፊቴ አምጥተው አቆሟት። «ይቺ ትለቃለች» አሉኝ። «አሁን ልጆቹን ጥራልኝ፣ ቁልፉን ከመስጠትህ በፊት ላሳያቸው።»