26 የነበረው የፓዝ ቁጥር 24 ሲሆን

ባለፈው ወር የመለማመጃ ሰርቨሬን ከኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬድ የቪኤምዌር ሶፍትዌር) 6.7 አንስቼ 7.0 አፕዴት 3ን በአዲስ ጫንኩበት። እዚህ መድረሴ ደስ ብሎኛል። ግን የስቶሬጅ ፓዝ (ሰርቨሩ ወደ ዲስክ የሚደርስበት መንገድ) ዝርዝሩ ሦስት ምሽት እንቅልፍ ነስቶኛልና፣ እናንተም በከንቱ እንዳትደክሙ ልጻፈው።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። የተማርኩት አንድ ባልደረባዬ በ3.5 ዘመን ከያዘው የእጅ ማስታወሻ ነው። እዚያ ላይ ዲስኩ ሁሉ «ቪኤምኤችቢኤ1፡0፡1» ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ አዳፕተር (የሰርቨሩ የስቶሬጅ ካርድ)፣ ታርጌት (በስቶሬጁ በኩል ያለው መዳረሻ)፣ ሉን (ስቶሬጁ እንደ አንድ ዲስክ የሚያቀርበው ክፍል)። ያኔ አራት ፓዝ ያለው ዲስክ የሚጠራው ከአራቱ በአንዱ ስም ነበር። በ2009 4.0 ሲመጣ ሁለቱ ተለያዩ፤ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ «ኤንኤኤ» ብሎ የሚጀምር የራሱን መለያ አገኘ፣ ፓዙ ደግሞ ቻናል ተጨምሮበት «ቪኤምኤችቢኤ1፡ሲ0፡ቲ0፡ኤል1» ሆነ። በ2011 በ5.0 «ኢኤስኤክስሲኤልአይ ኤንኤምፒ ፓዝ ሊስት» (ኤንኤምፒ ፓዞችን የሚያስተዳድር ፕለጊን ነው) የነበረው ትዕዛዝ መሃሉ ላይ «ስቶሬጅ» የሚል ቃል ገባበት፤ የድሮው ስክሪፕትም አልሠራ አለ።

አሁን ወደ ችግሩ። ስድስት የአይስካዚ (በኔትወርክ የሚደረስባቸው) ሉኖች አሉኝ፣ እያንዳንዱ በአራት ፓዝ፤ ሰርቨሩ ውስጥ ደግሞ ሁለት የኤንቪኤምኢ (ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ዲስኮች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ፓዝ። በድምሩ 26 ፓዝ። በኤንኤምፒው ትዕዛዝ ፓዝ የሚቆጥር ትንሽ ስክሪፕት ነበረኝ፣ ጠዋት ጠዋት 26 ይለኛል። 7.0 ከገባ በኋላ 24 አለ። የጎደሉት የውስጦቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። ዳታስቶሮቻቸው (የቨርቹዋል ማሽኖቹ ፋይሎች ማስቀመጫ) ግን ክፍት ናቸው፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹም ያለ እንከን ይሠራሉ! ሪስካን አደረግሁ፣ ሪስታርት አደረግሁ፣ በሁለተኛው ምሽት ሰርቨሩን ከፍቼ ዲስኮቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያው 24።

በሦስተኛው ምሽት «ኤንኤምፒ» የሚለውን ትቼ «ኢኤስኤክስሲኤልአይ ስቶሬጅ ኮር ፓዝ ሊስት» ብዬ ጻፍኩ። 26ቱም ወጡ። ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ «ፕለጊን» የሚለው መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ፤ በ24ቱ ላይ «ኤንኤምፒ»፣ በሁለቱ ላይ «ኤችፒፒ» (ለፈጣን ዲስኮች የተሠራ ሌላ ፕለጊን) ይላል። ለካ ከ7.0 አፕዴት 2 ጀምሮ የሰርቨሩን የውስጥ ኤንቪኤምኢ ዲስክ በነባሪነት የሚይዘው ኤችፒፒ ነው። የኤንኤምፒ ትዕዛዝ የሚዘረዝረው ደግሞ ኤንኤምፒ የያዘውን ብቻ ነው። ሉኖቼ እዚያው ቀሩ፣ የውስጦቹ ወደ ሌላ እጅ ገቡ። ስክሪፕቴ ከመጀመሪያውም መጠየቅ የነበረበትን አልጠየቀም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ለቆጠራ ሁልጊዜ «ኮር»ን ተጠቀሙ። የኤንኤምፒው ዝርዝር የሚያስፈልገው የትኛው ፓዝ አክቲቭ፣ የትኛው ስታንድባይ እንደሆነ በግሩፕ ለማየት ሲሆን ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚተካከለው የለም። የቪኤምኤችቢኤ ቁጥርን በሰነድ ላይ እንደ ዲስክ መለያ መመዝገብ ስህተት ነው እላለሁ። ያ ስም ሪስታርት ሲደረግ ሊቀየር ይችላል፤ የኤንኤኤ መለያው ግን ከዲስኩ ጋር ይቆያል።

ይህን እያልኩ የራሴን ሰነድ ገና ግማሹን ነው ያስተካከልኩት፤ ሦስቱ ሉኖች አሁንም በቪኤምኤችቢኤ ስማቸው ተመዝግበው አሉ። ፋይበር ቻናል (ሌላ የስቶሬጅ ኔትወርክ ዓይነት) ላይም አልሞከርኩትም፣ ካርዱ የለኝም። ካርዱ ያላችሁ የኮሩንና የኤንኤምፒውን ዝርዝር ጎን ለጎን አውጥታችሁ ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።