ለጣና ታንኳ አንጸባራቂ ቀለም፦ ከውጭ መጥታችሁ ለምትቀቡ

ባሕር ዳር ወይም ዘጌ ያለችውን የቤተሰብ የእንጨት ታንኳ አስጠግናችሁ በአንጸባራቂ ቀለም ልትቀቧት ካሰባችሁ፣ ከቀለሙ በፊት የፈቃዳችሁን ወር አስተካክሉ። አውሮፓና አሜሪካ ዕረፍት የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጎጃም ያኔ ዝናብ ላይ ነው። እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት ከተቀባ፣ ፀሐይ ስትመታው የታፈነው ውሃ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል፤ ያብጥና ይላጣል። ለገና ወይም ለጥምቀት ግቡ። ቤት ያሉት ደግሞ በኅዳር መጀመሪያ ከውሃ አውጥተው፣ ገልብጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ጥላ ሥር ያቆዩላችሁ። ይህ ሁሉ ለእንጨቷ ነው፤ የደንገሏ ታንኳ ቀለም አትሻም።

ቀለምና አኳራጅ (ቀለም ማቅጠኛው) ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይገቡም። ጥሩ ብሩሽ፣ ጥቅጥቅ ያለ የስፖንጅ ሩሎና ከ80 እስከ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያዙ።

ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ፖሊዩሪቴን ጠንካራ ነው፣ ድምቀቱም ይቆያል። ግን አሮጌ የዘይት ቀለም ላይ ሲያርፍ የሥሩን አጨማዶ ያነሣዋል፤ ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካልም፣ በተለይ ሲረጭ፣ ሳንባ ይጎዳል። ደግሞም እናንተ ከተመለሳችሁ በኋላ ጭረቱን የሚያድሰው ወንድማችሁ ነው። ስለዚህ በብሩሽ በቀላሉ የሚታደሰውን አንጸባራቂ የዘይት ቀለም እንመርጣለን። ነጣ ያለ ይሁን፤ ጥቁር ነገር ሙቀት እየሳበ መገጣጠሚያውን ይከፍታል። የውስጡን ወለል አንጸባራቂ አትቀቡት፣ እግር ያንሸራትታል።

አንጸባራቂ ቀለም ጉድለት ያወጣል እንጂ አይደብቅም። የተላጠውን በ80፣ ከዚያ በ120 ፋቁ፤ ስቱኮ ሞልታችሁ በ220 አለስልሱ። ሲመሽ የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግታችሁ አብሩባት። ቀን ያልታየው ጉድጓድ ሁሉ ጥላውን ይጥላል። አብዛኛው ድካም እዚህ ላይ ይለቅ። ከዚያ ፕራይመር (ከዋናው በፊት የሚቀባው የሥር ቀለም) ሁለት ጊዜ።

የአንዲት 5 ሜትር ታንኳ ውጪ ወደ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር በአንድ እጅ (በአንድ ዙር ቅብ) ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ለሦስት ስስ እጅ 2 ሊትር በቂ ነው። አንድ ወፍራም እጅ ይወርዳል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ስለማይደርቅም ይጨማደዳል።

ለሁለት ሁናችሁ ሥሩ። አንዱ በሩሎ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀባል፤ ሌላው ወዲያው የብሩሹን ጫፍ ብቻ እያስነካ፣ ካልተቀባው ወደ እርጥቡ ይጎትታል። የሩሎው አረፋ የሚጠፋው በዚህ ነው። ያለፋችሁትን ተመልሳችሁ አትንኩ። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ፀሐዩ ቀለሙን ቶሎ ያሲዘዋል፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ በጥላ ሥሩ። ብሩሹ ከጎተተ 5 በመቶ አኳራጅ ጨምሩ፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ይወርዳል፣ ድምቀቱም ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ የተቀባውን የሌሊቱ ጤዛ ሳይደርቅ ይደርስበትና ጠዋት ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

በየእጁ መካከል አሳድራችሁ በ400 አሹትና አቧራውን በአኳራጅ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ከመጨረሻው እጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ አይንካት፤ ጥፍር ሲጫናት ምልክት ከቀረ ገና ናት። የተረፈውን ቀለም ለወንድማችሁ እስከ አፉ በሚሞላ ትንሽ ቆርቆሮ ገልብጡለት፤ አየር ካገኘ ቆዳ ያወጣል።