«በአልኮል ይጥረጉ» የምትለው መስመር ኮፈኔን በላችው

ለመኪናዬ የገዛሁት ሴራሚክ ኮቲንግ (ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር መከላከያ ሽፋን) ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ስድስት መስመር መመሪያ አለው። አንዷ «ከመቀባትዎ በፊት ቀለሙን በአልኮል ይጥረጉ» ትላለች። በቃ። ምን ዓይነት አልኮል፣ ስንት በመቶ፣ ምን ዓይነት ቀለም ላይ የሚል ነገር የለም። እኔም እንደ ቀላል ነገር አየኋት። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሌላው ሥራ ብዙ የሚወራለት አይደለም። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አስገብቼ በሻምፖ አጠብኳት። የፍሬን ብናኝ የሚያሟሟውን ረጨሁ፤ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲወርድ በውሃ አስወገድኩት። ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ በሚያነሳው ጭቃ መሰል ነገር፣ በክሌይ፣ አሸሁ። በማሽን ፖሊሽ አደረግኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ትከሻዬ ሊወልቅ ደረሰ፣ ግን አማረባት። ጥቁር ስለሆነች ፊቴን እንደ መስታወት እያየሁባት ስስቅ ታናሽ ወንድሜ ፎቶ አንስቶኛል። ያንን ፎቶ አሁን ማየት አልወድም።

አልኮሉ ለምን እንዳስፈለገ ልናገር፣ ምክንያቱም ጭራሽ ይቅር እያልኩ አይደለም። ፖሊሽ ውስጥ ቅባት አለ። ቅባቱ ቀለሙ ላይ ከቀረ ኮቲንጉ ቀለሙን አይዝም፣ ቅባቱን ነው የሚይዘው። ከዚያ በጥቂት ወር ውስጥ እየተነሳ ይሄዳል። ሌላም ተንኮል አለው። ቅባቱ የሸረሪት ድር የመሰሉት ጭረቶች ውስጥ ገብቶ ይሞላቸዋል፤ የጠፉ ይመስላችኋል። ግራ በሩን ስጠርግ ይህንን በዓይኔ አየሁ። ጠፋ ብዬ የተኩራራሁበት ጭረት አልኮሉ ሲደርቅ ተመልሶ ብቅ አለ። ተናደድኩ፣ ማሽኑን እንደገና አነሳሁ። ስለዚህ ለመጥረግ ሁሉንም ፖሊሽ አድርጋችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። አንድ በር እንደጨረሳችሁ ጥረጉና የስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ እዩት። እውነቱ ያኔ ይታያል።

አሁን ወደ ኮፈኑ።

ኮፈኑ ብቻ ከሦስት ሳምንት በፊት እንደ አዲስ ተቀብቶ ነበር። ቀለም የቀቡልኝ ሰው በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ባለሙያ ናቸው። ስረከብ «ጋሼ፣ መቼ ነው መንካት የምችለው?» አልኳቸው። «አንድ ሳምንት ይበቃዋል ልጄ፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ» አሉኝ። እኔ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። እንዲያውም ጠንቃቃ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የገዛሁት አልኮል 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ነው። ውሃ የሌለበት ይበልጥ ያጸዳል ብዬ አሰብኩ። በሮቹን በእሱ ጠረግኩ፣ ምንም አልሆኑም። ያታለለኝም ይኸው ነው። የበሮቹ ቀለም ከፋብሪካ የወጣ ነው፤ ከ100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ተጋግሮ፣ ዓመታት ቆይቶ የጠነከረ። የኮፈኑ ደግሞ ገና ውስጡ ያልደረቀ። ከላይ ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጥፍር አይገባውም። ሥር ያለው የቀለም ማቅጠኛ (ቲነር) ግን ገና እየተነነ ነው።

የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚወጣባት ቀዳዳ አጠገብ ጀመርኩ። ረጨሁ፣ ጠረግኩ። ሦስተኛው ምት ላይ ጨርቁ ያዝ አደረገኝ። በሮቹ ላይ እንደ ቅቤ ይንሸራተት የነበረው ጨርቅ እዚህ ላስቲክ ላይ የሚጎተት ይመስል ነበር። ቆም ብዬ አየሁ። የመዳፍ ያህል ቦታ ፈዝዟል፤ ትንፋሽ የተነፈሱበት መስታወት ይመስላል።

ይኼኔ ማቆም ነበረብኝ። ሰው እኮ ያቆማል! እኔ ግን ምን አልኩ? «ቀለም ቤት የቀረ ቅባት ነው።» ስለዚህ ጨመርኩበት። አብዝቼ ረጨሁ፣ ጫን ብዬ አሸሁ። ወንድሜ «አንተ፣ እየባሰበት ነው» ሲለኝ «ዝም በል፣ እየለቀቀ ነው» አልኩት። የሚለቀው ቅባት አልነበረም። አልኮሉ ያልጠናውን የላይኛውን ክሊር፣ ቀለሙን የሚሸፍነውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ አለስልሶታል፣ እኔ ደግሞ በለሰለሰው ላይ የጨርቁን ክር እያተምኩበት ነበር። ባትሪ አብርቼ ዝቅ ብዬ ሳይ የማይክሮፋይበሩ ሽመና እንደ ማኅተም ቀለሙ ላይ ተቀምጧል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ኮፈኑ አዲስ ስለነበር ፖሊሽ አላደረግኩትም። የሚነሳ የፖሊሽ ቅባት አልነበረውም። አልኮል ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር። «ይጥረጉ» ስለሚል ብቻ ጠረግኩ።

ቀጥሎ የሠራሁት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ኮቲንጉ ይሸፍነዋል ብዬ በላዩ ቀባሁበት። ኮቲንግ አይሸፍንም። እንደ ቫርኒሽ ሥሩ ያለውን አጉልቶ ያሳያል፣ ከዚያም ይቆልፍበታል። በዚያ ላይ ገና እየተነነ ያለን ቀለም አፈንኩት። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ፀሐይ ላይ ሳወጣት ያቺ የመዳፍ ምልክት እንደ ደመና ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ጋሼ ዘንድ ተመለስኩ። ኮፈኑን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና «ማነው አልኮል የቀባው?» አሉ። «የፈለግከውን አድርግ ብለውኝ ነበር» አልኩ። «እጠባት ማለቴ ነው እንጂ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ለጥቂት ሳምንታት እሳቸውን ስረግም ከርሜአለሁ። አሁን ግማሹን ጥፋት ለራሴ ወስጃለሁ። ሌላውን ግማሽ ግን አልሰጥም። ቀለም ቀብቶ የሚያስረክብ ሰው ምን እንደማይነካው መናገር ሥራው ነው። የቀለም አምራቾች ብዙዎቹ ዋክስም ሆነ ኮቲንግ ከመቀባታችሁ በፊት ቢያንስ 30 ቀን ጠብቁ ይላሉ፤ እስከ 90 የሚሉም አሉ። እኔ ብሆን 90ውን ነው የምይዘው፣ ማንም ምን ይበል።

ጥገናው መጠበቅ ነበር። ሦስት ወር ቆይቼ ኮቲንጉን በፖሊሽ አነሳሁት፤ በሌላ አይነሳም። የፈዘዘው አብዛኛው አብሮት ወጣ። ጥልቅ የሆነውን ግን መተው ግድ ሆነብኝ። ያ ክሊር ብዙ ጊዜ ከ50 ማይክሮን አይበልጥም፣ ከአንድ ወረቀት ይቀጥናል። ትንሽ ልቀጥል ብል ቀለሙ ላይ እደርስ ነበር።

በሁለተኛው ዙር አልኮሉን አቀጠንኩት። 150 ሚሊ ሊትር ከ99ኙ፣ ቀሪው ውሃ ሆኖ አንድ ሊትር። ይህ ወደ 15 በመቶ ይመጣል። በእጃችሁ ያለው 70 በመቶ ከሆነ 215 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ውሃው የተጣራ ይሁን፣ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። የባትሪ ውሃ የሚሉት ይሆናል፤ የባትሪ አሲዱን እንዳታነሱ ብቻ። ውሃው ሌላም ጥቅም አለው። ጨርቁን ያንሸራትታል። ድፍን አልኮል ቶሎ ስለሚተን በደረቅ ጨርቅ ደረቅ ቀለም ማሸት ይሆናል፣ ጭረት ያጠፋችሁበት ቦታ ላይ ጭረት ትመልሳላችሁ።

«15 በመቶ ቅባት አያነሳም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፣ አልኮል ሲቀጥን ከቅባት ጋር ብዙም አይስማማም። ለዚህ ነው እኔ አሁን መጀመሪያ ዋክስ በሌለው ሻምፖ አጥቤ አብዛኛውን ቅባት የማነሳው። መመሪያው ይህን አይልም። አልኮሉ የተረፈውን ብቻ ነው የሚለቅመው። ቅባቱ ከበዛ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ማጽጃ ግዙ፣ አልኮሉን አታወፍሩ። የእጅ ሳኒታይዘር ይሠራል የሚላችሁን አትስሙ፤ ግሊሰሪን አለበት፣ ቅባት ልታነሱ ሄዳችሁ ቅባት ትቀባላችሁ። ጨርቆቹንም በልብስ ማለስለሻ አትጠቡ፣ ያው ነገር ነው።

አጠራረጉ ቀላል ነው። ቀለሙ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ እረጫለሁ፣ ሳልጫን በአንድ አቅጣጫ እሄዳለሁ፣ ወዲያው በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ እከተላለሁ። ቶሎ ቶሎ ጨርቁን እገለብጣለሁ። ቀለሙ በእጅ ሲነካ ሞቅ ካለ ያን ቀን አልሠራም። ጓንት አለኝ፣ በሩም ክፍት ነው። የአልኮል ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ እሳት ደግሞ ይወዳል። ወንድሜ ሲጋራውን ይዞ ብቅ ሲል እንዴት እንደጮህኩበት እስካሁን ያወራል።

እና ጨርቁ ያዝ ካደረገኝ ወዲያው እጄን አነሳለሁ።

ከውሃ መርጫው ቀዳዳ አጠገብ የቀረችው ምልክት ጥፍር ታክላለች። አብሮኝ የሚሳፈር ሰው አይቷት አያውቅም። እኔ ግን መስታወቱን ለማጠብ ውሃ በረጨሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ እሷ ላይ ያርፋል።