ጫምባላላን ሳልሻገር

አይዴ ጫምባላላ! ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ።

እኔ ሲዳማ አይደለሁም። ሐዋሳ ከገባሁ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የሲዳማ አዲስ ዓመት ፍቼ ጫምባላላም የኔ በዓል ሆኗል። መጀመሪያ የማውቀው በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ፣ ቄጣላ የሚባለውን ባህላዊ ጭፈራ፣ ጎረቤቴ በቅቤ አርሳ የምትልክልኝን የቆጮ ምግብ ቡርሳሜን ነበር። አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች ኮከብና ጨረቃን አይተው ቀኑን እንደሚቆርጡ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ዩኔስኮ በ2008 ሲመዘግበው እንደ ባለቤት ነው ደስ ያለኝ።

ከሁሉ ልቤን የያዘው ግን ዕርቁ ነው። በፍቼ ሰው ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም። አንድ ቃልም አለ፦ አፊኒ። «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ነገር ሲኖር ሽማግሌዎች እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ሳይሰማና ሳይሰማለት ወደ ውሳኔ አይሮጥም።

ማኅበራችንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ማታ ቡና ይፈላል። ኦርቶዶክስ አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ «እኔ ገና እየፈለግኩ ነው» የሚልም አለ። አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ አይጎትትም። መጀመሪያ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ከዚያ እያንዳንዱ በሳምንቱ የከበደውን ይናገራል። ስለ ድሃና ስለ ፍትሕማ ሳናወራ የቀረንበት ቅዳሜ የለም።

ዘንድሮ ከፍቼ በፊት በነበረው ቅዳሜ አንዲት ወጣት አባላችን ጠየቀችን። «ከእኛ ውስጥ ለፋብሪካ ልጆች ቤት የሚያከራይ ማነው?» አምስት ሰዎች እጅ አወጣን። «ዓምና ኪራይ ያልጨመረስ?» አምስታችንም እጃችንን አወረድን። ቡናው እስኪቀዘቅዝ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ጓሮዬ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አለኝ። የሠራኋቸው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ከተመረቀ በኋላ ነው። ልጆቹ ከየገጠሩ ሲመጡ ቤት ጠፋ፤ ለእኛ ለአከራዮች ገበያ ሆነ። አንዷ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች በአንድ ፍራሽ ይተኙ ነበር። አንዷ ከሌሊት ሺፍት ስትገባ ሌላዋ ትነሳ ነበር። እኔ በአንድ ዓመት ሁለቴ ጨመርኩባቸው። ሁለቴም «እሺ እትዬ» አሉኝ። እሺታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። ሌላ ምን ሊሉኝ ይችሉ ነበር?

ከሦስቱ አንዷ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ቤተሰብ ናፍቋት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አልጠየቅኳትም።

የዚያን ቅዳሜ ማታ በራቸውን አንኳኳሁ። ኪራይ ልጠይቅ የመጣሁ መስሏቸው ደነገጡ። ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ያቺ ልጅ የሄደችው ለቤት ከፍላ ለምግብ ስላልተረፋት ነው። ሁለቱ ልጆች ይህን የነገሩኝ ወለሉን እያዩ ነው።

እውነት ነው፣ ሁሉም በእኛ እጅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ ብዙ ልጆች ሥራ አጥተዋል። ስለዚህ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አውርተናል። ወሬያችን ግን የገዛ ግቢያችን በር ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። እኔን ያሳመመኝ ይሄ ነው።

ኪራዩን ከሁለቱ ጭማሪ በፊት ወደነበረበት መልሻለሁ። የ2 ዓመት ውልም ጽፈናል፤ የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውል ቢያንስ ለዚህን ያህል ጊዜ ይሁን ይላል፣ እኔ ግን በቃል ብቻ ነበር የማከራየው። አንድ ጎረቤቴ «ገበያውን አበላሸሽብን» ብሎ ተቀይሞኛል። ከማኅበራችን ሦስት ሰዎች እንደኔ አድርገዋል። አንዱ የገዛ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚከፍልላቸው በዚያው ኪራይ ስለሆነ ገና እያሰበበት ነው። አልፈርድበትም፤ ቅዳሜ አብረን እናስብበታለን።

ቤት የምታከራዩ ወዳጆቼ፣ በዓሉ ሳያልፍ ተከራዮቻችሁን ቡና ጥሯቸው። ጠይቋቸው። መልሱ እስኪመጣም ታገሡ፣ ቶሎ አይናገሩም።

የሄደችውን ልጅ ስልክ ጓደኞቿ ሰጥተውኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥሩን አውጥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ እደውልላታለሁ።