ለዓይን ብሌን ለጋሽ ቤተሰቦች የምስጋና ዝግጅት ስናሰናዳ

በሰሜን ሸዋ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። ከሞቱ በኋላ የዓይን ብሌናቸው የተለገሰ ሰዎችን ቤተሰቦች የምናመሰግንበትን ዝግጅት እንዳስተባብር ሲነገረኝ፣ አስቀድሜ ያሰብኩት ስለ አዳራሹ ወይም ስለ ምስክር ወረቀቱ ሳይሆን ስለ ሐሜቱ ነበር። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከተቋቋመ (2003 እ.ኤ.አ.) ዓመታት ቢቆጠሩም፣ «ዓይኑን አውጥተው ቀበሩት» የሚለው ወሬ ዛሬም ከቀብር መልስ ይነሣል፤ ሟቹ ቃል ገብቶ ያለፈ ቢሆንም ወሬውን የሚሸከመው ቤተሰቡ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከዕድር ዳኞች ጀመርኩ። ድንኳን የሚተክሉትና ቀብር የሚያስፈጽሙት እነርሱ በመሆናቸው ቃላቸው ከሥራ አስኪያጁ ንግግር ይልቅ ይሰማል። ያነጋገራቸው የዓይን ሐኪም፣ ብሌን የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን እንደሆነ፣ ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደሚነሣ፣ የሟቹን ገጽታ እንደማያበላሽ፣ የደም ሥር ስለሌለውም እንደ ኩላሊት ጥብቅ የሆነ መመሳሰልን እንደማይጠይቅና የአንድ ሰው ብሌኖች ለሁለት ሰዎች ሊውሉ እንደሚችሉ አስረዳቸው። አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው «ይህን ያደረገ ሰው ዓይንስ ይረባል?» አሉ። መነጽር ማድረግ እንደማይከለክል ሲሰሙ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጥያቄው የጎረፈው ከዚያ ወዲህ ነው።

አስተዳደሩ ዝግጅቱ ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ ጋር እንዲገጥም ፈልጎ ነበር፤ የሐዘን ጊዜ ግን በበጀት አይመራም። አርባው ያልወጣለትን ቤተሰብ ላለመጥራት ተስማማን። ለማዕዱ ደግሞ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለይቶ ከማሰናዳት ይልቅ ሽሮና ምስር ለሁሉም ስላቀረብን፣ ከመንዝም ከይፋትም የመጡት እንግዶች በአንድ ገበታ በሉ።

ስጦታው ግን አከራከረን። የመንዝ ባና እናልብሳቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በዚህ ብርድ አገር ባና ማልበስ ክብር መሆኑን ባውቅም አጥብቄ ተቃወምኩ፤ በማግሥቱ «ዓይኑን በባና ሸጡት» መባሉ አይቀርማ። ገንዘብ ያለው ነገር ሁሉ ቀርቶ፣ ቤተሰቡ በፈቀደው መጠን የሟቹ ስም የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ተሰጠ። ፈቃዱን አስቀድመን በጽሑፍ ወስደናል፤ ስሙ ይነገር፣ ፎቶግራፉ ይቅር ያሉ ነበሩ።

«በብሌኑ ያየው ሰው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ ዐውቄ ነበር። ለጋሽ ቤተሰብንና ተቀባይን አለማስተዋወቅ የሙያው ሥርዓት በመሆኑ፣ ስምና አገር ያልተጠቀሰበትን የአንዲት ተቀባይ ደብዳቤ አነበብኩ። ሴትዮዋ ከምስር ውስጥ ጠጠር ራሷ ለመልቀም እንደበቃች ጽፋለች። ልጃቸውን የቀበሩ አንዲት እናት «እስቲ ያንኑ ድገሚልኝ ልጄ» አሉኝና ደገምኩት። ከንግግሮቹ ሁሉ ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር የበለጠ ሠርቷል፤ ስለ ጀግንነት የሚያትት ረጅም ንግግር ሐዘንተኛውን ያደክመዋል እንጂ አያጽናናውም።

ኩላሊታቸውን ለዘመዶቻቸው የሰጡትን ግን በዚህ ዝግጅት አላካተትናቸውም። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚገኝ ኩላሊት ነው፤ በሕይወት ያለን ሰው ነፍስ ይማር ከሚባልላቸው ጋር ማስቀመጥ አልታየኝም። ለእነርሱ በሌላ ቀን ምስጋናውን ከደም ግፊት ልኬትና ከሽንት ምርመራ ጋር አያያዝነው፤ አንድ ኩላሊት የቀረው ሰው በየጊዜው መታየት ስላለበት፣ ቀጣዩን ቀጠሮውን ሳይዝ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ አደረግን።